ነፋሱ ሳይሆን ሌላው ሁሉ ያስቸገረን የመሲራ ጉዞ

ዱባይ ላይ በሐምሌ ለካይት ሰርፊንግ፣ በነፋስ እየተጎተቱ ውኃ ላይ ለመንሸራተት፣ ካይት ይዞ ባሕር ዳር መቆም ጅልነት ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ብድግ ይልና 12 ወይም 14 ኖት (የነፋስ ፍጥነት መለኪያ ነው) ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። ትልቁን ካይት ነፍተህ፣ ገመዱን ዘርግተህ፣ ላብህን እየጠረግህ ትገባለህ፤ ውኃው ራሱ ለብ ያለ ሻይ ነው። ካይቱ አየር ላይ ሁለት ጊዜ ይንገዳገድና ዘፍ ይላል። በዚህ መሃል እናቴ ከአዲስ አበባ ትደውላለች፤ ከጀርባዋ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማኛል። «ብርዱ ገደለን፣ እናንተ ጋስ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «እየተጠበስን ነው እማዬ» እላታለሁ።

ከዚያ ሙቀት ሸሽተን በ2016 ሐምሌ ወደ ኦማኗ መሲራ ደሴት ሄድን። አራት ነበርን፤ እኔ፣ አብሮ አደጌ፣ አንድ ፊሊፒናዊ የሥራ ባልደረባዬና ሚስቱ። እሷ ካይት አትነካም፣ ግን ከሁላችንም የተሻለች ሹፌር ናት። ጉዞውን እንዴት እንዳቀድን፣ የት እንደተሳሳትንና ምን እንደሠራልን እንዳለ አወራችኋለሁ። ብዙ ሰው እየደወለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ካይት ሰርፊንግ ለማታውቁ ባጭሩ፦ በአየር የተነፋ ትልቅ ካይት ከ20 ሜትር በላይ በሚረዝሙ ገመዶች ወገብህ ላይ ካለ መታጠቂያ ጋር ይያያዛል፣ እግርህ ሥር ቦርድ አለ፣ ነፋሱ ይጎትትሃል፣ አንተ ደግሞ እጅህ ላይ ባለው ባር ትመራዋለህ። ያለ ነፋስ ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ የዚህ ስፖርት ሰው ከተማና ሆቴል አይመርጥም፣ ወር ነው የሚመርጠው።

መጀመሪያ ለሐምሌ የመጡልን ሦስት ቦታዎች ነበሩ። አብሮ አደጌ ቬትናም፣ ፋን ራንግ እንሂድ አለ። ቪዲዮ አይቶ ነው። ፋን ራንግ ግን ነፋሱ የሚመጣው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ከሰሜን ምሥራቅ ነው፣ በሐምሌ ሄደህ ወይንና የጨው ማምረቻ ማየት ካላማረህ በቀር ጊዜው አይደለም። ስሪላንካ ውስጥ ካልፒቲያ በክረምታችን ይነፍሳል፣ ጥሩ ቦታ ነው፤ ግን አውሮፕላን አለ፣ የዕቃ ክፍያ አለ፣ ከኮሎምቦ ደግሞ ሌላ የመኪና መንገድ አለ፣ እኛ ያለን ጠቅላላ ፈቃድ ሁለት የሥራ ቀን ነው። መሲራ ግን በመኪና ይደረሳል። ካይቱን ከኋላ ወርውረህ ትሄዳለህ።

ስለ መሲራ ነፋስ ሳነብ አንድ ነገር ደነቀኝ። በኛ ክረምት ወራት ከደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚነሣ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ። በኬንያ በኩል ምድር ወገብን ይሻገራል፣ የምሥራቅ አፍሪካ ከፍታዎች በስተግራው እንደ ግድግዳ ሆነው ያጣድፉታል፣ ከዚያ ሶማሊያን ታኮ ወደ ዓረብ ባሕር ይወጣል። የሶማሊያ ጄት ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አጥንቶ በጻፈው በፊንድሌተር ስም የሚጠሩትም አሉ። የኢትዮጵያ ክረምት እንዴት እንደሚውል ከሚወስኑት ነገሮችም አንዱ ይኸው ጅረት ነው። የእናቴ ቆርቆሮ ላይ የሚያንቧቧው ዝናብና እኔ የምፈልገው ነፋስ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። ኦማኖች ወቅቱን ኸሪፍ ይሉታል። በደቡብ፣ በሰላላ በኩል፣ ኸሪፍ ካፊያና ጉም አምጥቶ ተራራውን አረንጓዴ ያደርገዋል። ለመሲራ ግን የሚደርሳት ነፋሱ ብቻ ነው። ደሴቲቱ ደረቅ ናት፣ ድንጋይና አሸዋ።

ርዝመቷ 95 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከኦማን ደሴቶች ትልቋ ናት። ከተማ የሚባለው በሰሜን ጫፍ ያለው ሂልፍ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ ከ20 እስከ 30 ኖት የሚነፍስበት ቀን ይበዛል፣ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው፤ 30 ኖት ሲባል በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ፊትህ ላይ ነው ማለት ነው። ዱባይ 45 ዲግሪ ስትሆን እዚያ 30 አካባቢ ነው። ይህን አይተን ተስማማን፤ ስብሰባው አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ችግራችንም እዚያ ላይ ጀመረ። ቁጭ ብለን ለሁለት ሳምንት ያወራነው ስለ ነፋስ ነው። የነፋስ መተግበሪያውን ጠዋት ማታ እያየን «28 አሳይቷል!» ስንባባል ከረምን። መሲራ ላይ በሐምሌ ነፋስ መኖሩን ማረጋገጥ ግን አዲስ አበባ በሐምሌ ዝናብ መኖሩን እንደማረጋገጥ ነው። ማየት የነበረብን ሌላ ሌላውን ነበር።

መጀመሪያ ቀኑ። አብሮ አደጌ ጿሚ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስም፤ በባዶ ሆድ 30 ኖት ላይ ካይት መያዝ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ስለዚህ ከሐምሌ 5 እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ነው ያለን አልን። ፊሊፒናዊው ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ «ሃይማኖታችሁ ከነፋስ መተግበሪያው ይበልጥ ይወሳሰባል» አለ። እውነቱን ነው። ግን ይኼኛው ቢያንስ ትክክል የሠራነው ነገር ነበር።

ከዚያ ቪዛ። ገልፍ ውስጥ ነዋሪ የሆነ ሰው ወደ ኦማን ለመግባት በኢንተርኔት ያመለክታል። የነዋሪነት ፈቃድህ ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው ይታያል፣ መታወቂያህ ላይ የተጻፈው ሙያም ይታያል፣ ፓስፖርቱም እንዲሁ። እኛ ለጉዞው አሥር ቀን ሲቀረን አመለከትን። የሦስታችን መጣ። የአብሮ አደጌ ፈቃድ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው፤ ለካ እሱም ያውቃል፣ «እስከዚያ ይታደሳል» ብሎ ዝም ብሎ ነው የከረመው። የኛ ሰው እስከዚያ ሲል መቼም እንደማያልቅ ጊዜ ነው። መሥሪያ ቤቱን ለምኖ፣ የጤና ምርመራውን አስቸኳይ ከፍሎ፣ ሁሉንም ነገር በአንድ ሳምንት ጨረሰ። ጉዞው በስምንት ቀን ተገፋ፤ አሁንም ከፍልሰታ በፊት ነው፣ ተመስገን።

የመኪናው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የኤሚሬትስ መኪና ኢንሹራንስ ኦማንን መሸፈኑን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። የኛ ይሸፍናል፣ ግን የሚገልጸውን ወረቀት ለይተህ ካልጠየቅህ አይሰጡህም። የባልደረባዬ ሚስት ሳትነግረን አስቀድማ አውጥታ በፕላስቲክ ይዛዋለች። ድንበር ላይ ስትመዘው ሦስታችንም እንደ ተማሪ ዝም አልን።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከዱባይ አል ዓይን፣ በመዝየድ ኬላ ወጥተህ ኢብሪ፣ ከዚያ ኒዝዋ፣ ከኒዝዋ ሲናው፣ ከሲናው ማሑት፣ ከማሑት ሻና ወደብ፣ ከዚያ መኪና በሚጭን ፌሪ (መርከብ) ወደ ደሴቲቱ። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያው ዕቅዳችን ዓርብ ከሥራ ወጥተን በአንድ ቀን ሻና መድረስ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ድንበሩ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያቆይህ አይታወቅም፣ ከሲናው በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ ሌሊት የሚነዳ አይደለም። ግመል መሃል መንገድ ላይ ይቆማል፣ ነፋሱ አሸዋ አምጥቶ አስፋልቱን በየቦታው ይሸፍነዋል። ደግነቱ ቪዛው ሲገፋን ዕቅዱንም አስተካከልን፤ ረቡዕ ከሰዓት ወጥተን ኒዝዋ አደርን፣ ሐሙስ በጠዋት ቀጠልን። ሲናው ላይ ነዳጅ ሙሉ፣ ማሑት ላይ እንደገና ሙሉ። ከማሑት በኋላ ግራና ቀኙ ጨዋማ ሜዳ ነው፣ ከላይ ሲታይ ደረቅ ይመስላል፣ ከሥሩ ጭቃ ነው። ሰው ፎቶ ላንሳ ብሎ ከአስፋልት ይወርድና መኪናውን ያሰምጣል። እኛ አልወረድንም፤ ሾፌሯ አልፈቀደችም።

ሻና ስንደርስ የጉዞው ትልቁ ስህተት ቆሞ ጠበቀን። ፌሪ በኢንተርኔት ቆርጫለሁ ብዬ ነበር፤ ቆርጬአለሁም። አራት ሰው። ትኬት የሚያየው ልጅ ስልኬን አይቶ፣ መኪናዋን አይቶ፣ እንደገና ስልኬን አየ። «መኪናውስ?» አለኝ በዓረብኛ። የአራት ሰው ወንበር ቆርጬ መኪናዋን ረስቻታለሁ! በዚያ ላይ ሐሙስ ነው፣ የኦማን የሳምንት ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ የደሴቲቱ ልጆች ሁሉ ከመስቀጥ ወደ ቤታቸው የሚገቡበት ቀን ነው። የመኪና ቦታ የለም። አብሮ አደጌ ምንም አላለም። ዝም ብሎ የፓስፖርቱን ገጽ ገለጥ ገለጥ አደረገ። እኔ ስለ ቪዛው ለስምንት ቀን ራሱን ሳደርቀው የከረምኩትን በዚያች ቅጽበት መለሰልኝ።

ያዳነን የድሮው መንገድ ነው። ሻና ላይ ከመደበኛው ፌሪ ሌላ ጠፍጣፋ ብረት ጀልባዎች አሉ፤ መኪና ይጭናሉ፣ ሲሞሉ ይነሣሉ፣ ሰዓት የላቸውም። መኪናዋን ወደኋላ እየነዳህ ታስገባለህ፣ ከፊትህ ፍየል የጫነ ፒክአፕ አለ፣ ከጎንህ የሲሚንቶ መኪና። ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቅን፣ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጓዝን። ጀልባው ገና ወጣ ሲል ነፋሱ መጣ። የሞቀው አየር ተቆረጠና ቀዝቃዛ፣ ጨው ጨው የሚል ነፋስ ፊታችንን መታው። ባልደረባዬ እጁን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ። ፍየሎቹም ዝም አሉ።

አሁን ወደ ውኃው። መሲራ ላይ የት እንደምትገባ ማወቅ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው፣ አላጋነንኩም። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚመጣው። በምሥራቁ ዳርቻ ሞገዱ ያምራል፣ ግን እዚያ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይገፋሃል፤ ካይትህ ቢበላሽ ቀጣዩ የብስ ፓኪስታን ወይም ሕንድ ነው። ስለዚህ ካይት የሚይዘው ሰው የሚሰበሰበው በምዕራቡ ወገን፣ በሱር መሲራ አካባቢ፣ ውኃው ጥልቀት በሌለውና ጠፍጣፋ በሆነበት ነው። ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል የውኃው መጠን ይለዋወጣል፣ ሲጎድል አንዳንዱ ቦታ እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ ይሆናል፤ ይህን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። እኛ የሕጻን ሕግ አወጣን፦ ማንም ብቻውን አይገባም፣ አንዱ ሁልጊዜ የብስ ላይ ሆኖ ያያል። ስልክ ውኃ በማያስገባ ከረጢት አንገት ላይ።

የካይት መጠን ላይ ደግሞ ዱባይ አበላሽታን ነበር። የያዝነው 12 እና 9 ካሬ ሜትር ነው፤ ዱባይ ላይ 9 ማለት ትንሽ ነው። የነፋስ ጉልበት ግን በፍጥነቱ ልክ አይደለም የሚያድገው፣ በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ20 ወደ 30 ኖት ሲሄድ ግፊቱ በግማሽ የጨመረ ይመስልሃል፣ እንዲያውም ከእጥፍ በላይ ይሆናል፣ 2.25 ጊዜ። እንደኛ 75፣ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ኖት ላይ 7 ወይም 6 ነው የሚያስፈልገው። 12 ሜትሩ ከከረጢቱ አልወጣም። ወደ 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ሄዶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ተመልሶ መጣ።

ዓርብ ጠዋት አብሮ አደጌ «9ኙ ይበቃኛል፣ እችለዋለሁ» አለ። እኔ ካይቱን ይዤለት ነበር። አውራ ጣቱን አሳየኝ፣ ለቀቅሁት። ካይቱ እንደ በር ተበርግዶ በአንዴ አናት ላይ ወጣ። እሱ ደነገጠና ባሩን ወደ ደረቱ ጨምድዶ ሳበው፣ ሰው ሲደነግጥ የሚያደርገው እሱን ነው፣ ግን ባር ሲሳብ ካይቱ ይበልጥ ይጎትታል። እግሮቹ ከአሸዋው ተነሡ። ሦስት ወይ አራት እርምጃ ያህል አየር ላይ ሄደና በጎኑ ውኃው ላይ ወደቀ፣ ካይቱ ግን አላቆመም፣ ፊቱን ውኃ እያስጠጣ ይጎትተው ጀመር። «ልቀቅ! ቀዩን! ቀዩን!» ስጮህ ነፋሱ ድምፄን ወደ ኋላ ነው የሚወስደው። ከዚያ እጁ ወገቡ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ቀዩን መልቀቂያ ገፋው፣ ካይቱ እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ውኃው ላይ ተኛ። ተነሣ። ውኃው ጉልበቱ ድረስ ነው። ሳል፣ ሳቅ፣ ሳል። እጁ ላይ ትንሽ ጭረት፣ ካይቱ ላይ የአንድ ስንዝር ቀዳዳ። ሂልፍ ውስጥ ሆስፒታል እንዳለ ቀድመን አይተን ነበር፤ አላስፈለገንም። የካይት መጠገኛ ፕላስተር ግን ይዘን ነበር፣ ያ ነው ቀኑን ያተረፈልን።

ከጎናችን ድንኳን የተከሉ አንድ ጀርመናዊ ጎልማሳ ይህን ሁሉ እያዩ ነበር። ምንም ሳይናገሩ 6 ሜትር ካይት ይዘው መጡ፤ እኛም አላንገራገርንም። ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ቀን በዚያች 6 እና በተለጠፈችው 9 ነው የተፈራረቅነው። ጠዋት ትንሽ ረገብ ሲል 9፣ ከሰዓት 6። ይህን ያህል ለረጅም ሰዓት፣ ይህን ያህል ሳይቆራረጥ የሚነፍስ ነፋስ ላይ ቆሜ አላውቅም። አብሮ አደጌ ሁለት ዓመት የተሟገተውን ዝላይ እሑድ ጠዋት ሠራው።

ስለ ማደሪያ አጭር ነገር ልበል። ድንኳን ርካሽ ነው ብለን ርካሽ ድንኳን ገዛን። ነፋሱ ሌሊትም አይተኛም። የመጀመሪያው ሌሊት ምሰሶው ተሰበረ፤ መኪናዋን በነፋሱ አቅጣጫ አቁመን ከጥላዋ ሥር ተኛን። ሽሮ ልንሠራ ምድጃውን በሦስት ካርቶን ከበብነው፣ ሽሮው ተንተከተከ፣ ስንበላው ግን ጥርሳችን ላይ አሸዋው ቋ ቋ ይላል። የመጨረሻውን ሌሊት ሂልፍ ሆቴል ገባን፣ ማንም አልተከራከረም። ሌላው ያልጠበቅነው ቅዝቃዜው ነው። በዚህ ወቅት ነፋሱ የላዩን ውኃ ወደ ውጭ እየገፋ ከሥር ቀዝቃዛውን ያወጣዋል። በሐምሌ፣ ዓረብ አገር ውስጥ፣ ከንፈሬ ሲንቀጠቀጥ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። አላመነችኝም።

ቅዳሜ ማታ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ሄድን። መሲራ በዓለም ላይ ሎገርሄድ የሚባሉት የባሕር ኤሊዎች በብዛት እንቁላል ከሚጥሉባቸው ቦታዎች አንዷ ናት፤ ቁጥራቸው ግን ካለፉት አሥርት ዓመታት ወዲህ ክፉኛ ቀንሷል። መብራት አጥፍተን ራቅ ብለን ተቀመጥን። አንዷ ወጣች። እንደ ጎማ ዱካ ሰፊ መስመር አሸዋው ላይ እየተወች፣ እየተነፈሰች፣ ትንፋሿ ይሰማል፣ እንደ ደከማት ሴት። ባልደረባዬ ስልኩን ሊያበራ ሲል ሚስቱ እጁን መታችው።

መመለሻው እሑድ ነበር፤ በዚህኛው የመኪና ቦታ ይዘናል። ግን ነፋሱና የባሕሩ ጉድለት ተጋጥመው ፌሪው በሰዓታት ዘገየ። ሻና የወረድነው መሽቶ ነው፣ ሌሊት አንነዳም ብለናል፣ ማሑት አደርን። ሰኞ ሥራ አልገባሁም። ለአለቃዬ የጻፍኩት መልእክት «ደሴት ላይ ነበርኩ፣ ባሕሩ ጎደለ» የሚል ነው፤ እስከዛሬ በቢሮው ይተርቡብኛል። ከሁለቱ የፈቃድ ቀናት አንዱን ለመመለሻ መጠባበቂያ ብለን ብንተወው ኖሮ አንድ የካይት ቀን እናጣ ነበር፣ ግን ይሻለን ነበር። ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም። እሱ ሰኞም ቀርቶ ማክሰኞም ብንቀር ይመርጥ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ አብሮ አደጌ አንድ ፎቶ ላከልኝ፤ የታደሰው የነዋሪነት መታወቂያው ነው፣ የሚያበቃበት ቀን ላይ በቀይ ከብቦበታል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ዝግጁ ነኝ ወንድሜ። አንተ መኪናዋን ፌሪው ላይ አስገብተሃታል?»